በነፃ የገባችው

«ሁለት አዋቂ፣ ሁለት ልጅ፣ አንድ ሞግዚት» አለ ልደቱ፣ ወደ ትኬት መሸጫው መስኮት ጎንበስ ብሎ።

ታላቅ እህቱ የማርያምወርቅ ከኋላው ሁለት እርምጃ ያህል ርቃ ቆማ ነበር። በአንድ እጇ የስድስት ዓመቷን ነአምንን ይዛለች፤ ትከሻዋ ላይ የልጆቹ ሹራብ፣ ቅያሪ ካልሲና የውሃ ላስቲክ የታጨቀበት ቦርሳ ተንጠልጥሏል። ቃሉን ስትሰማ ለሌላ ሰው የተባለ መሰላትና ዘወር ብላ አየች። ከኋላዋ ማንም አልነበረም። ከዚያ ዓይኗ ከመስኮቱ በላይ የተሰቀለው ሰሌዳ ላይ አረፈ፦ አዋቂ አምስት መቶ ብር፣ ልጅ ሰባት መቶ ብር፣ ሞግዚት ከልጆች ጋር በነፃ። ፊደሉ ትልልቅ ስለነበር ያለ መነጽሯ አነበበችው።

ልደቱ አምስት መቶ ብር ቸግሮት አልነበረም። ገና ከመኪና እንደወረዱ የበሩ ጠባቂ ከውጭ ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው ቢላቸው፣ እሷ ማለዳ ተነስታ የጠበሰችውን ሳንቡሳና በፎጣ የጠቀለለችውን ዳቦ ከነሳህኑ አንስቶ መኪና ለሚጠብቀው ሰውዬ ሰጥቶታል፤ በላዩም ሁለት መቶ ብር ደርቦ። «ከልጆችህ ጋር ብላው» ብሎታል። ያኔ ምንም አልመሰላትም፤ እንዲያውም የወንድሟ እጅ መፍታቱ ደስ ብሏት ነበር። አሁን ግን ያ ሁለት መቶ ብር ከሐሳቧ አልወጣ አለ። ሰው ሲቸግረው የሚዋሸው ውሸት አለ፤ ያን ታውቀዋለች፣ ለሱ ስትል ስንት ጊዜ ዋሽታለች። ይሄኛው ግን ከአፉ የወጣው ጭንቅም ሐሳብም ሳይነካው፣ የስልክ ቁጥሩን እንደሚናገር ሰው ነው።

ትኬት ቆራጯ አንገቷን ብቅ አድርጋ «ሞግዚቷ እርስዎ ነዎት?» አለቻት።

ልደቱ የኪስ ቦርሳውን ከፍቶ ካርዶቹን አንድ በአንድ ማስተካከል ጀመረ። ሚስቱ መቅደላዊት ትልቁን ልጃቸውን ፊሊጶስን ፎቶ ልታነሳው ወደ በሩ ቀደም ብላለች። የማርያምወርቅ የወንድሟን ማጅራት አየችው። እዚህ ሰው ፊት አይደለሁም ብትል የሚያፍረው እሱ ነው፤ እሱ ሲያፍር ደግሞ ማየት አትችልም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ አልቻለችም።

«አዎ» አለች።

በመስኮቱ አረንጓዴ ሰደርያ ወጣላት። ጀርባው ላይ በነጭ ቀለም «ሞግዚት» ተብሎ ተጽፎበታል። ልጆቹን የያዘ ሰው ከሩቅ እንዲታወቅ ነው፣ ሲወጡ ይመልሱልናል አለች ትኬት ቆራጯ። የማርያምወርቅ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ለብሳው የሄደችውን ነጭ ቀሚስ አልለወጠችም ነበር። ሰደርያውን በላዩ ላይ አጠለቀችው፤ ዚፑ እምቢ ስላላት ክፍቱን ተወችው። መቅደላዊት ስታያት «እታለም፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች። የመለሰላት ልደቱ ነው። «ደንባቸው ነው» አለ። መቅደላዊት ባሏን አየት አደረገችው፤ ከዚያ የፀሐይ መነጽሯን ከፀጉሯ ላይ አውርዳ ዓይኗ ላይ አደረገችና ልጆቹን ይዛ ገባች።

እታለም የሚለውን ስም ያወጣላት ልደቱ ነው፤ አሁን ቤቱ ሁሉ በሱ ይጠራታል። በአሥራ ስድስት ዓመት ትበልጠዋለች። እናታቸው ስትሞት እሱ የአራት ዓመት ልጅ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ የሆነውን እሷም አታነሳውም፣ እሱም አያነሳውም። ፊሊጶስ ሲወለድ መቅደላዊትን ልታርስ፣ ለአርባ ቀን ብላ ካራ ወደሚገኘው ቤታቸው መጣች፤ ይኸው ዘጠኝ ዓመት ሞላት። በመሃል ነአምን ተወለደች። ሠራተኛ እንቅጠር ሲባል «እታለም እያለች?» ተባለና ቀረ። መቼ እንደምትመለስ መጀመሪያ እሷ መናገር ተወች፣ በኋላ እነሱም መጠየቅ ተዉ። የምትተኛው ከልጆቹ ጋር፣ የነአምን አልጋና የልብስ ቁምሳጥኑ በተዉላት ቦታ ነው።

መዝናኛው የእንጦጦ ተራራ ወደ ምሥራቅ ዝቅ እያለ በሚመጣበት ጫፍ ላይ፣ በባሕር ዛፍና በጽድ መሃል የተከለለ ነው። እንጦጦ ፓርክ እሑድ እሑድ ሰው ይበዛበታል ብላ ይሄኛውን የመረጠችው መቅደላዊት ናት። በእርግጥም ያምራል። መንገዱ ጠጠር ፈሶበታል፤ ከዛፍ ዛፍ የተዘረጉ ገመዶች፣ መወጣጫ መረቦች፣ ከእንጨት የተሠሩ ትንንሽ ቤቶች አሉት። ከፍ ብሎ ደግሞ ከተማውን ቁልቁል የሚያሳይ የእንጨት ሰገነት አለ፤ ማኪያቶ እዚያ አንድ መቶ ሰማንያ ብር ነው። ሰገነቱ መውጫ ላይ ሞግዚቶች ከልጆች መጫወቻ እንዳይርቁ በትሕትና የሚያሳስብ ጽሑፍ ተለጥፏል። ልደቱና መቅደላዊት ሲወጡ የማርያምወርቅ ከጽሑፉ ሥር ቆመች። መቅደላዊት ሁለት ደረጃ ወጥታ ዘወር አለች። ዘጠኝ ዓመት አብራት ኖራ «እርስዎ» ማለትን አልተወችም። «ሻይ ልላክልዎት?» አለቻት። የማርያምወርቅ አልጠማኝም አለች።

ለሞግዚቶች የተተወው አግዳሚ ወንበር ከገመድ ድልድዩ ፊት ለፊት ነበር። የጽድ ጥላ አርፎበታል፤ የጥቅምት ጥላ ይበርዳል፣ የጥቅምት ፀሐይ ደግሞ ያቃጥላል፣ ሰው የሚቀመጥበት ያጣል። አንዲት ሃያ አምስት ዓመት ገደማ የሚሆናት፣ እንደሷው አረንጓዴ ሰደርያ የለበሰች ሴት ሕፃን በጋሪ እያወዛወዘች ተቀምጣ ነበር። ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት። ሥርጉት እባላለሁ አለች። ጫማዋን በግማሽ አውልቃ፣ እግሯን ፀሐዩ ላይ ዘርግታ፣ ብዙ ሰዓት መጠበቅ የለመደ ሰው አቀማመጥ ተቀምጣለች።

«ከገቡ ቆዩ?» አለቻት፣ ሰው ቤት መሥራት ከጀመሩ ማለቷ ነው።

«ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ።» ውሸት አልነበረም።

«ዘጠኝ ዓመት» አለች ሥርጉት። «እኔ አንድ ቤት ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቼ አላውቅም። ደህና ሰዎች መሆን አለባቸው።»

«ደህና ናቸው።»

ሥርጉት የራሷን አጫወተቻት። አሠሪዎቿ ሲኤምሲ ነው የሚኖሩት። ለብቻዋ ክፍል አላት፤ ጠባብ ናት ግን ቁልፉ የሷ ነው። እሑድ ስለምትሠራ ሰኞ ሰኞ ታርፋለች፤ ሰኞን ልብስ ስፌት ትማርበታለች። «የእርስዎ ዕረፍት መቼ ነው?» ብላ ጠየቀቻት። የማርያምወርቅ ጥያቄውን የምሯን አሰበችበት። ቀኖቹን ከሰኞ ጀምራ አንድ በአንድ አለፈቻቸው። ቅዳሜ ላይ ስትደርስ ፊሊጶስ ኳስ ልምምድ እንዳለው ትዝ አላት፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ሁሌም የምታሰናዳው ቁርስ ይጠብቃታል። «እንደ ነገሩ ነው» አለች።

«ልጅ አለዎት?»

«የለኝም።»

«እህት ወንድምስ?»

«አንድ ወንድም አለኝ።»

«አገር ቤት ነው?»

«እዚሁ ነው። ካራ።»

ሥርጉት ጋሪውን ማወዛወዝ አቆመች። «እዚህ ሥር? ታዲያ ይጠይቅዎታል?»

የማርያምወርቅ ቀና ብላ ሰገነቱን አየች። ልደቱ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል፤ ለሚስቱ ስልኩ ላይ የሆነ ነገር እያሳያት ነው፣ ሁለቱም ይስቃሉ። ሲስቅ ትከሻው የሚንቀጠቀጠው እንደ አባታቸው ነው። «ሥራ ይበዛበታል» አለች።

«ወንድ እንዲሁ ነው» አለች ሥርጉትና ከቦርሳዋ ብስኩት አውጥታ ግማሹን ሰጠቻት። «ሥራው ካስቸገረዎት ግን ስልኬን ይያዙት። እኛ ሰፈር ሰው የሚፈልግ አይጠፋም። ዘጠኝ ዓመት አንድ ቤት የሠራ ሰው ከየት ይገኛል?» የማርያምወርቅ ብስኩቱን እየበላች ፊቷ ሲሞቃት ተሰማት። ማፈር ሲገባት ደስ አላት። ለእነዚያ ዘጠኝ ዓመታት እስከ ዛሬ ማንም አመስግኗት አያውቅም ነበር።

የልጅ ጩኸት የተሰማው ይሄኔ ነው። የገመድ ድልድዩ አንድ ፎቅ ያህል ከፍታ አለው። ፊሊጶስ ቀድሞ ተሻግሯል፤ ነአምን ተከትላው ወጥታ መሃል ላይ ስትደርስ አንዱ ርብራብ ሲወዛወዝባት ቁጭ ብላ ቀረች። ወገቧ ላይ ቀበቶ ታስሮላታል፣ አትወድቅም፤ ግን ሁለት እጇን ገመዱ ላይ ጠምጥማ ዓይኗን ጨፍና ትጮኻለች። ከኋላዋ ሦስት ልጆች ቆመዋል። የቦታው ተቆጣጣሪ፣ ገመቺስ የሚባል ጎልማሳ፣ ወጥቶ ሊይዛት ሞከረ። በእግሯ ረገጠችው። ገመዱን ይበልጥ አጥብቃ እየያዘች «እታለም! እታለም!» ትላለች። ገመቺስ ሦስቱን ልጆች ወደ ኋላ መልሶ ብቻውን ወረደ።

«ብነካት ራሷን ትጎዳለች» አለ። «የምታምነው ሰው መውጣት አለበት።»

የማርያምወርቅ ጫማዋን አውልቃ ነበር። «እኔ ልውጣ።»

ሰውየው ሰደርያውን አየ። «እማማ፣ ሞግዚት አናወጣም። ኢንሹራንሱ ለወላጅና ለቅርብ ዘመድ ብቻ ነው።»

«አክስቷ ነኝ።»

ሥርጉት ከአግዳሚው ብድግ ስትል አየቻት። ገመቺስ በያዘው ሬዲዮ ትኬት መሸጫውን ጠየቀ፤ እሷም አጠገቡ ቆማ መልሱን ሰማች። ሞግዚት ተብሎ ነው የተመዘገበው፣ ያስመዘገበው አባትየው ነው። ሰውየው ሬዲዮውን ወገቡ ላይ መለሰ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጅ ሲያለቅስ ያሳዝናል፤ ብዙ ሞግዚት እንደ እርስዎ አክስት ነኝ ይላል። አልፈርድብዎትም» አለ። ከዚያ ሁሉ የከበዳት ይሄ አልፈርድብዎትም ማለቱ ነው።

ልደቱ ከሰገነቱ እየሮጠ ወረደ፣ መቅደላዊት ተከተለችው። ተራ የሚጠብቁ ወላጆች ተሰብስበዋል፤ አንዱ ስልኩን ደግኖ ይቀርጻል። ገመቺስ ልደቱን አስቆመው። «አባቷ እርስዎ ነዎት? እኚህ ሴት አክስቷ ነኝ እያሉኝ ነው። ልጅቷም የምትጠራው እሳቸውን ነው። እውነት ከሆነ አሁኑኑ ቀበቶ አስሬላቸው ይውጡ።»

የማርያምወርቅ ወንድሟን ጠበቀችው። እሱ ተቆጣጣሪውን አየ፣ የተሰበሰበውን ሰው አየ፣ ስልኩን የደገነውን ሰውዬ አየ፣ ሰደርያውን አየ። ፊቷን አላየም።

«አባቷ እኔ ነኝ፤ እኔ እወጣለሁ» አለ።

ቀበቶ ታሰረለትና ወጣ። ነአምን ሲቀርባት «አንተን አይደለም!» ብላ ጮኸችበት። ምን እያለ እንደሚያባብላት ከታች አይሰማም፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ ከገመዱ ሲያላቅቅ፣ አንዱን ሲፈታ ሌላውን መልሳ ስትይዝበት ግን ይታያል። ሩብ ሰዓት ፈጀ። የማርያምወርቅ ያን ጊዜ ሁሉ ጠጠሩ ላይ በባዶ እግሯ ቆማ ነበር። ልጅቷ መሬት እንደነካች እጇን ዘርግታ የጠበቀቻትን እናቷን አልፋ የማርያምወርቅ ቀሚስ ውስጥ ተሸጎጠች። መዳፎቿን ገመዱ ልጧቸዋል፤ ደም እየቋጠሩ ነው።

ሥርጉት የወለቀውን ጫማ አምጥታ እግሯ ሥር አስቀመጠችላት። «ያድርጉት፣ ጠጠሩ ይወጋዎታል» አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ወንድምዎ እሳቸው ናቸው?»

«አዎ።»

ሥርጉት ወደ ጋሪዋ ተመለሰች።

ነአምን ከእቅፏ አልለይ ስላለች የማርያምወርቅን ወደ ሰገነቱ አሳለፏት። ፒዛና የድንች ጥብስ ታዘዘ። መቅደላዊት የልጇን መዳፍ በውሃ አጠበችላት። ልደቱ ስለ መንገዱ ሥራ አወራ፣ ካራ አካባቢ ስለተወደደው መሬት አወራ፣ ፊሊጶስን ስለ ፈተናው ጠየቀው፤ መልሱን ግን ሳይጠብቅ ስለ መንገዱ እንደገና አወራ። የማርያምወርቅ ፒዛውን እየቆረሰች ነአምንን አጎረሰቻት። አስተናጋጁ ሂሳቡን ያመጣው ለልደቱ ነው፤ ሲያልፍ ሰደርያውን ገልመጥ አድርጎ አየው። ሊወጡ ሲነሱ መቅደላዊት ወደ ኋላ ቀረት አለችና፣ ባሏ እንዳይሰማ፣ «እታለም፣ በሩ ላይ ልደቱ ያለውን እኔ አልሰማሁም ነበር» አለቻት።

«አውቃለሁ» አለች የማርያምወርቅ። እውነቷን ነበር፤ አልተቀየመቻትም። ስለዚህ ነገር ማውራቱ ራሱ ያደክማት ነበር።

ሲወጡ ሰደርያውን በመስኮቱ መለሰችና ቁልቁል ወረዱ። ኮተቤ ሲደርሱ መቅደላዊት ለልጅቷ እጅ ቅባትና ፋሻ እንግዛ አለችና መኪናውን መድኃኒት ቤት ፊት ለፊት አስቆመች። ነአምንን ይዛ ወረደች፤ ፊሊጶስም ውስጥ መቀመጡ ሰልችቶት ተከተላቸው። ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ተኩል ይሆናል። ልደቱ ፊት፣ የማርያምወርቅ ኋላ፣ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ከመንገዱ ማዶ የታክሲ ረዳቶች ለላምበረትና ለመገናኛ ሰው ይጣራሉ። ልደቱ በመስታወቱ አያት፤ ስታየው ዓይኑን መለሰ። እሷ ትናገራለች ብሎ እየጠበቀ እንደሆነ ገባት፤ ሁሌም ዝምታውን የምትሰብረው፣ ምንም አይደለም የምትለው እሷ ናት። አሁንም አፏን የከፈተችው ለዚያው ነበር።

«ልደቱ፣ ለልጆቹ ሰው ፈልጉ» አለች።

ከየት እንደመጣባት አላወቀችም። አስባበት አልነበረም። አንዴ ከወጣ በኋላ ግን አለመክበዱ ገረማት።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ሰው ቅጠሩ። እስክታገኙ ድረስ አለሁ።»

ዘወር ብሎ አያት፤ ከጠዋት ጀምሮ ፊት ለፊት ሲያያት ይሄ የመጀመሪያው ነው። «እታለም፣ እንዲህ አትበይ። አንቺ እኮ ሠራተኛ አይደለሽም። እህቴ ነሽ፤ እናቴም ነሽ።» ዓይኑ እርጥብ ነበር። ከልቡ እንደሆነ ታውቃለች፤ ልደቱ ሲዋሽም ሲያለቅስም ከልቡ ነው።

«ይህን እዚያ ላይ ብትለው ኖሮ ነአምንን እኔ አወርዳት ነበር» አለች። «እጇ አይላጥም ነበር።»

ልደቱ መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። ሞተሩ ጠፍቷል። «የት ነው የምትሄጂው?» አለ።

የት እንደምትሄድ አሁን፣ ጥያቄው ሲመጣ ነው ያሰበችው። «ላምበረት። ዘሀራ ጋ።»

ዘሀራ የድሮ ጎረቤታቸው ናት፤ ልደቱም ያውቃታል፣ በልጅነቱ ቤቷ አድሮ ያውቃል። ላምበረት ላይ ስምንት ክፍል ያላት፣ መጠጥ የማይሸጥባት አልጋ ቤት አለቻት፤ ለክፍለ ሀገር ተሳፋሪ ታከራያለች። እግሯን ከታመመች ወዲህ ደረጃ መውጣት አልቻለችም። አንሶላውን የሚቆጣጠርላት፣ ቁልፉን የሚይዝላት የምታምነው ሰው እንደምትፈልግ ሁለት ጊዜ ነግራታለች። ሁለቱንም ጊዜ የማርያምወርቅ ልጆቹን ትቼ የት እሄዳለሁ ብላት ነበር።

«አልጋ ቤት?» አለ ልደቱ።

«ክፍል ትሰጠኛለች። ደመወዝም አለው።»

«እታለም፣ ሰው ምን ይለኛል? የልደቱ እህት ላምበረት ተቀጥራ አልጋ ታነጥፋለች ሲባል?»

«እህትህ መሆኔን ማን ያውቃል?» አለችው።

በቁጣ አልነበረም። እንደሚጠይቅ ሰው ነው የጠየቀችው፤ መልሱንም ጠበቀች። በሩ ተከፈተና ልጆቹ ገቡ። ነአምን በነጭ ፋሻ የተጠቀለሉ እጆቿን ወደ ላይ ይዛ ጭኗ ላይ ወጣች፤ ፊሊጶስ በሌላው በኩል ቦርሳውን ገፍቶ ተጠጋት። መቅደላዊት ተቀምጣ ቀበቶዋን ካሰረች በኋላ ነው ዝምታው የገባት። «ምን ሆናችሁ?» አለች። ባሏን አየች፣ ዞራም የማርያምወርቅን አየች። ልደቱ ሞተሩን አስነስቶ እጁን ማርሹ ላይ አድርጎ ቆየ፤ ከኋላ የቆመ ሚኒባስ ጥሩምባ ሲነፋበት ብቻ ነው መንገድ የያዘው።